በሙከራ የተጠራ ደቦ

«እሺ ይበልጣል ከሺ» ይላሉ አበው። ይበሉ። እኔ ግን ተረቱ የወጣው እሺ ማለት ብርቅ በነበረበት ዘመን ይመስለኛል። ዛሬማ እሺ በየደጃፉ ተርፏል። እስቲ እናንተው ፍረዱ። መንገድ ላይ ያገኛችሁት ወዳጅ «እሑድ ቤት ትመጣለህ አይደል?» ሲላችሁ መልሳችሁ ምንድን ነው? እሺ። ልብስ ሰፊው ሱሪያችሁን ለሐሙስ ያደርስ እንደሆነ ስትጠይቁት መልሱ ምንድን ነው? እሺ። የየትኛው ወር ሐሙስ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም፣ እናንተም አትጠይቁትም፤ ይሉኝታ የሚባል ዳኛ በመካከላችሁ ተቀምጧል። እምቢ ማለት ነውር ነው። እሺ ብሎ መቅረት ግን ያው የተለመደ ነው።

እኔ ራሴ በዚህ ጥበብ የዋዛ አይደለሁም። በደብረ ታቦር ከተማ እሺ ብያቸው እስከ ዛሬ የሚጠብቁኝ ሰዎች ቢሰበሰቡ አንድ የሰርግ ዳስ ይሞላሉ። ስለዚህ በእሺታ የሚበልጠኝ ፍጡር አለ ብዬ አላምንም ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ ግን መስከረም ከጠባ በኋላ፣ በጥቅምት ነው የመጣው።

ያሳየኝ ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ የኮምፒዩተር መምህር ነው፤ እኔ የታሪክ። ክፍል ስለጠፋ ሁለታችንን አንድ ቢሮ ውስጥ አስገቡንና እኔ ያለፈውን ይዤ፣ እሱ የሚመጣውን ይዞ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እንውላለን። ልጁ ጨዋ ነው። ትዕግሥቱ ግን ለሰው ነው እንጂ ለኮምፒዩተር አይተርፍም፤ ሲበሳጭ ጠረጴዛውን ትቶ የራሱን ጉልበት ነው የሚመታው።

ወደ ጉና ተራራ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ፣ ደሳለኝ ያደገባት መንደር አለች። የመንደሯ ገበሬዎች ማኅበር አንድ ነገር ለመነው። ድሮ ደቦ የሚጠራው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነበር፤ አለዚያም አንድ ድምፀ መረዋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጣራ ነበር። አሁን ጎልማሳው አንዱ ከተማ ቀን ሥራ ላይ ነው፣ ሌላው ሐሙሲት ገበያ ወርዷል፣ ጉብታው ላይ ቆመው ቢጣሩ የሚሰማው ከብት ብቻ ነው። ስልክ ግን ሁሉም ይዟል። «እንግዲያው ደቦውን በስልክ ጥራልን» አሉት። ደሳለኝም እሺ አለ፤ ያውም የእውነት እሺ። አንድ ገበሬ ለማኅበሩ ጸሐፊ «ነገ ደቦ አለኝ» ካለ፣ በመንደሩ ስልክ ሁሉ ላይ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ይጽፍ ጀመር። የአባላቱንም ስልክ ቁጥር ሰጡት።

ያን ሰሞን አንድ ቀን በትከሻው ላይ አሻግሬ «ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት። «እየፈተንኩት» አለኝ። እንግዲህ የገባኝን ያህል ላስረዳችሁ፤ ያልገባኝን እናንተ ትሞሉታላችሁ። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የጻፉትን ሥራ ላይ ከማዋላቸው በፊት ቁራጭ ቁራጩን ለየብቻው ይፈትኑታል። ደሳለኝ በሚጽፍበት ፓይተን በሚባለው ቋንቋም እንደዚሁ ነው። ችግሩ፣ በፈተኑት ቁጥር የእውነት መልእክት ቢላክ መንደሩ ይታወካል። ስለዚህ በመልእክተኛው ቦታ መልእክተኛ መሳይ ያቆማሉ። ሞክ ይሉታል። ላክ ሲሉት እሺ ይላል፤ የትም አይሄድም። በኋላ «ጠርተንህ ነበር?» ሲሉት «አዎ፣ እንዲህና እንዲያ ብላችሁ ጠርታችሁኛል» ብሎ ይመሰክራል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

«ሁሉንም እሺ ነው የሚለው?» አልኩ፤ ሙያዬ የተነካ መሰለኝ።

«ያሻህን ጠይቀው።»

«የአያቱን በሬ ቀንድ ጠይቅልኝ» አልኩት፣ ለቀልድ። ደሳለኝ በፈረንጅ ፊደል ጻፈው። ሞኩ አያት አለኝ አለ፤ አያትየውም በሬ አላቸው፤ በሬውም ቀንድ አለው። ቀንዱን ንፋ አልነው፤ ነፋሁ አለ። ማንም ያልሰጠውን ነገር፣ ገና ስሙን ስትጠሩለት፣ እዚያው ፈጥሮ ያቀርባል። ቀጥዬ «እውነት ነህ ወይስ ሐሰት በለው» አልኩ። ጠየቀው። «እውነት» አለ። እግዚኦ! ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። ለማስመሰል ብቻ የተፈጠረ ነገር፣ እውነት ነህ ወይ ሲሉት ሳያመነታ እውነት ነኝ ይላል! በታሪክ ብዙ አስመሳይ አንብቤያለሁ፤ የአያቱን በሬ ቀንድ ድረስ አሰናድቶ የሚጠብቅ ግን አላጋጠመኝም። የእሺታን ዘውድ ከራሴ ላይ አውርጄ ለሞኩ አስረከብኩ።

አሁን ወደ ወይዘሮ ሙሉነሽ ልውሰዳችሁ። የደሳለኝ አክስት ናቸው። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞቱበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ «እታለም» ይላቸዋል። ባለቤታቸው በፍልሰታ ጾም አረፉ፤ የአርባው ተዝካር ደግሞ ጎተራውን ጥርግ አድርጎት ሄደ። ሟቹ የዘሩት ገብስ ግን ባለቤቱ ሞተ ብሎ አልቀረም፤ ደረሰ። ደረሰና አልፎ አንገቱን ደፋ፤ የሰዉ ገብስ ገና እሸት ሳለ የእሳቸው ዛሬ ነገ ሊረግፍ ነው። ያ ገብስ የዓመት ቀለባቸው ነው፤ ሌላ የላቸውም። በዚያ ላይ ጉና አናት ላይ ያለጊዜው ደመና ይመላለሳል። የጥቅምት በረዶ አንዴ ከወረደበት ደግሞ የቀረውን ከመሬት መልቀም ነው እንጂ አጨዳ የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ለምን ደቦ አይጠሩም ትሉኝ ይሆናል። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል፣ አጫጁን አጥግቦ ይሸኛል። በባዶ ቤት ደቦ የጠራ ሰው ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል፤ በደህና አይደለም የሚተርፈው። በለቅሶው ጊዜ መንደሩ ሁሉ «አይዞሽ፣ ገብሱን አታስቢ፣ እኛ አለን» ብሏቸው ነበር። ነገር ግን ወይዘሮ ሙሉነሽ ጌሾ የላቸውም፣ ብቅል የላቸውም። «ባዶ ጋን አስቀምጬ ሰው አልጠራም፤ እግዜር ያመጣውን ያምጣው» አሉ። ሰዉም ጠሪ ይጠብቃል፤ ሳይጠሩት ሰው ማሳ መግባት የባለማሳውን ድህነት በአደባባይ እንደ መናገር ነው። እሳቸው አፍረው፣ ሰው አፍሮ፣ ገብሱ መካከል ላይ ቆሞ ቀረ። ደሳለኝ ጊዜ ባገኘ ቁጥር እየሄደ ጥቂት ጥቂት ያጭድላቸው ነበር፤ አንድ መምህር በአንድ ማጭድ የት ይደርሳል?

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ታዲያ ደሳለኝ ፈተናውን ሲጽፍ ስም አስፈለገው። ደቦ ጠሪው ማን ይባል? በመማሪያው ላይ የማንም ያልሆነ ስም ነው የሚጻፈው። የእኛ አገር ሰው ግን የሌለ ሰው ስም መጥራት ደስ አይለውም፤ ስም ከተጠራ ባለቤት ይኑረው ባይ ነው። ደሳለኝም በሆዱ የነበረውን ጻፈ። «ነገ ጠዋት በወይዘሮ ሙሉነሽ ማሳ የገብስ አጨዳ ደቦ አለ። ማጭድ ይዛችሁ ኑ።» ከኋላው ሆኜ አነበብኩት።

«ይሄ የእውነት አይሄድም አይደል?» አልኩት።

«ወዴት ይሄዳል? ሞኩ ተቀብሎ ያስቀረዋል» አለና ቁልፉን ተጫነ።

ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ፈተናው ወደቀ። ሞኩ «ማንም አልጠራኝም» አለ። የአያቱን በሬ ቀንድ ያላጣው ያ ሁሉን እሺ ባይ፣ አንዲት መልእክት ተቀበል ብንለው አልሰማሁም አለን! ደሳለኝ «እንዴት አልጠራንህም?» ብሎ ደግሞ ተጫነ። ማንም አልጠራኝም። ጉልበቱን መታ። እዚህ አንድ ቃል ነካ፣ እዚያ አንድ መስመር አነሣ፣ ደግሞ ተጫነ። ማንም አልጠራኝም። እኔም ከኋላው ቆሜ «እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ ድገመው» እላለሁ፤ በማያውቁት ሥራ ምክር መስጠት ምን ይከብዳል? ደገመው። ኋላ ተስፋ ቆርጦ ኮምፒዩተሩን ዘጋና ወደየቤታችን ሄድን።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤታሞች ነን። ደሳለኝ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ጫማውን ሳያስር ቆሟል። «እታለም ናቸው» አለና እንድሰማ አስጠጋልኝ። ወይዘሮ ሙሉነሽ በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት።

«ልጄ፣ ደጄን ሰው ሞልቶታል። ሁሉም ማጭድ ይዟል። ማነው ስሜን ያነሣው? በሬን ዘግቼ ተቀምጫለሁ፤ በምን አፌ ልውጣ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መንደሩ ሁሉ የሰማውን ደቦ ያልሰሙት ጠሪዋ ብቻ ነበሩ፤ ጠሪ ለራሱ መልእክት አይላክለትማ።

ባጃጅ ውስጥ ደሳለኝ ፊቱ አመድ መስሎ ስልኩን ያገላብጣል። ከዚያ በድንገት ጉልበቱን መታና «ያቆምኩት ያለ ቦታው ነው!» አለ። እኔ እንዲገባኝ ብሎ በቄስ አስረዳኝ። «ጎረቤትህ በጠዋት ቄሱን ጠበል እንዲረጩለት ወደ ቤቱ ይዟቸው ሄደ እንበል። አንተ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄደህ በወንበራቸው ላይ ቄስ መሳይ ብታስቀምጥ፣ ጎረቤትህን ጠበል የሚረጨው ማነው?»

«እውነተኛው ቄስ ናቸዋ።»

«አበቃ። ደቦ ጠሪው ፋይል ገና ሲነሣ እውነተኛውን መልእክተኛ ወደ ቤቱ አስገብቶታል። እኔ ሞኩን ያቆምኩት ከመጣበት ቦታ ነው፤ ማቆም የነበረብኝ ከገባበት ቤት ነው። ሞኩን የጠራው የለም። እውነተኛው ግን ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር ወጥቶ ሄዷል።»

አጃኢብ ነው እኮ! ለካ ሞኩ አልዋሸም። ዕድሜውን ሙሉ እሺ ሲል የኖረ ነገር፣ አንድ ጊዜ ብቻ እውነቱን «ማንም አልጠራኝም» ቢለን ነው ያላመንነው። እኛ ቀዩን እያየን ወደቀ፣ ወደቀ ስንል፣ መንደሩ ውስጥ ስልክ በየኪሱ ይንጫጫ ነበር። «ድገመው» ያልኩትን ሳስታውስ ከባጃጁ መውረድ አማረኝ።

ስንደርስ ፀሐይ ገና ጉናን እየተሻገረች ነው። ሰው ብዬ ሰው አየሁ! ማሳውን ዳር እስከ ዳር ተሰልፈው ገብተውበታል። አዛውንቱ፣ ጎልማሳው፣ ከተማ ቀን ሥራ ላይ ነው ሲባል የነበረው ሳይቀር ማጭዱን ይዞ ጎንበስ ብሏል። በሩ ተዘግቶ ሲያገኙት ባለቤቷ ከጓዳ ጠላ እያጠለሉ መስሏቸው፣ አናስቸግር ብለው በቀጥታ ወደ ሥራው ነው የሄዱት። ሰልፉን የሚመሩት የመንደሩ ቄስ፣ ቄስ ሞላ ነበሩ፤ ጋቢያቸውን አገልድመው፣ ጥምጣማቸውን ሳያወልቁ ያጭዳሉ። በኋላ እንደሰማሁት የመጀመሪያው መልእክት ሲደርስ አንዳንዱ «እንሄዳለን» ብሎ ሌላ ነገር ሊያስብ ነበር። ሁለተኛው ሲደርስ ተያዩ። እየተደጋገመ ሲመጣ ግን ቄሱ «እንዲህ የምታፍር ሴት ይህን ያህል ከተጣራች፣ ተጨንቃለች» ብለው ማጭዳቸውን ከቆጡ አወረዱ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ በሩን ከፈቱልን። ነጠላቸውን ተከናንበው ተመልሰው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ አጠገባቸው ያለው ጋን ባዶ ነው።

«አዋረድከኝ» አሉት። «ከእንግዲህ እንዴት ብዬ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ? ሙሉነሽ ባሏን ቀብራ፣ በውኃ ደቦ ጠራች ይበሉኝ?»

ደሳለኝ ዞሮ ወጣና በቀጥታ ወደ ማሳው ሄደ። እኔም ተከተልኩት፤ ምን ሊል እንደሆነ ገብቶኛል፣ ማስቆም ግን አልቻልኩም። አጫጆቹ መካከል ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። «ወገኖቼ፣ እታለም አልጠሩም። የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ሳላውቅ፣ ለሙከራ ብዬ። ቤት ውስጥ ጠላም ዳቦም የለም። እሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም፤ ስማቸውን አታንሡብኝ። ከፈለጋችሁ እኔን ስደቡኝ።»

ማጭዶቹ ሁሉ ቆሙ። በከተማ ቢሆን አንዱ ሰዓቱን ያይ ነበር፣ ሌላው «ጊዜያችንን በላኸው!» ይል ነበር። እኔ ራሴ ከእነሱ አንዱ ብሆን እንዲያ እል ነበር፣ አልዋሽም። ቄስ ሞላ ቀስ ብለው ወገባቸውን አቃኑ። ደሳለኝን አዩት፤ ቀጥሎ የወደቀውን ነዶ አዩ።

«ገብሱስ?» አሉ። «እሱም ለሙከራ ነው?»

«ኧረ የእውነት ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው ዘወር በል፤ መንገድ ዘጋህብን።»

ሳቁ ከማሳው ዳር ተነሥቶ ዳር ደረሰ፤ ማጭዱም ወዲያው ቀጠለ። የጎደለ ሰው የለም። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ስንት ዘመን ሕዝብ ለምን ይነሣል፣ ለምን ይሰበሰባል እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ ሲሰበሰብ አጠገቡ ቆሜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለካ እነዚያ በለቅሶው ላይ «እኛ አለን» ያሉ ሰዎች እሺታቸው ባዶ አልነበረም። የሚያስነሣቸው አንድ ጥሪ ብቻ ነበር የጠፋው፤ እሱንም ሰው በድፍረት አልጠራውም፣ ፓይተን በስሕተት ጠራው እንጂ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ይህን ሁሉ ከደጃፋቸው ሆነው ሰምተዋል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደገደጉ፤ ወደ ማሳው መጥተው ከታጨደው አንድ እቅፍ አንሥተው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ሽታው መጣ። ያንኑ ገብስ አሽተው፣ ቆልተው፣ ትኩሱን እንኩቶ በሰፌድ ይዘው ወጡ። በሰልፉ ላይ እየዞሩ ለእያንዳንዱ በእጁ ላይ ዘገኑለት። «የቤቴ ያለው ይኼ ነው፤ እሱንም እናንተ ናችሁ ያጨዳችሁት» ይላሉ። ቄስ ሞላ ማጭዳቸውን አስቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «ከዚህ የበለጠ የደቦ ድግስ በልቼ አላውቅም» አሉ። ቄስ ስለሆኑ እውነታቸውን ነው ብዬ ልመን። የጎረቤት ሴቶችም በሶና ውኃ ይዘው መጡ፤ ማንም አምጡ አላላቸውም።

እኔም ማጭድ ተሰጠኝ። ስላጨድኩት ገብስ ባንነጋገር ደስ ይለኛል።

ከቀትር በኋላ የመጨረሻው ነዶ ክምሩ ላይ ወጣ፤ አናቱም ተከደነ። ሰዉ ፊቱን እየታጠበ ሳለ ጉና ጠቆረና በረዶውን ለቀቀው። ሁላችንም በቤቱ ጥግ ተጠጋግተን ቆምን። በረዶው ባዶውን ማሳ ይደበድበዋል፤ ጠዋት የቆመ ገብስ የነበረበትን። ወይዘሮ ሙሉነሽ አንዴ ክምሩን፣ አንዴ ሰዉን ያያሉ፤ እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃችኋለሁ? እንዲያ ያለ ነገር ሳልበቃ ማየቴ አስፈራኝ፣ ደስም አለኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ለሰባኪ ይበቃ ነበር። ደሳለኝ በማግስቱ ሞኩን ከትክክለኛው ቤት አቆመው። አረንጓዴ መጣ። ሞኩ «አዎ፣ አንድ ጊዜ ጠርታችሁኛል» ብሎ ቃል በቃል መሰከረ፤ በመንደሩም አንድ ስልክ አልጮኸም። ፕሮግራሙም ሥራ ጀመረ።

የረሳነው አንድ ነገር ነበር። ደቦ የበላ ደቦ ያበላል። ወይዘሮ ሙሉነሽ ማሳ ላይ ማጭድ ላነሣ ሰው ሁሉ፣ ከቤታቸው አንድ ማጭድ በተራው መሄድ አለበት። እሳቸው ሴት፣ ባለቤታቸው ከአፈር በታች። የቀረው ወንድ ልጅ ማነው? ደሳለኝ ይኸው ከዚያ ወዲህ ከፈተና እርማት ወደ አጨዳ፣ ከአጨዳ ወደ ፈተና እርማት ነው። መቅረት የለም፤ ስሕተቱ የእሱ ነው፣ ጉልበቱ የሰዉ ነበር። አንድም ቀን ሲያጉረመርም አልሰማሁትም።

እኔስ? እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ብዬ ተደላድዬ ተቀምጬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ የደሳለኝ ስልክ ጮኸ። ወዲያው የእኔም ጮኸ። «ነገ ጠዋት በቄስ ሞላ ማሳ የገብስ አጨዳ ደቦ አለ። ማጭድ ይዛችሁ ኑ።» ግራ ገባኝና ዞር አልኩ።

«ሞክህ ደግሞ ተበላሸ እንዴ? የእኔን ቁጥር ከየት አመጣው?»

«አልተበላሸም። ቄስ ሞላ ናቸው ያስመዘገቡህ። ‹ያ የታሪክ መምህር እንኩቶውን ደጋግሞ ሲዘግን አይቼዋለሁ› ብለዋል።»

«እኔን የሚተካ ሞክ ብታቆምልኝስ?»

«ነዶ አይሸከምም» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ምን ይደረጋል፣ እሺ አልኩ። ሄድኩም። ይህን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው፤ ቀኙ ውኃ ቋጥሯል።